ያላገባ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሙሉ አካል ነው

ለ፦ በላንቻና በአካባቢዋ ለምታገለግሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢዎች፣ ሽማግሌዎችና የአገልግሎት ክፍል ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል፤ ለምእመናን በሙሉ

ጉዳዩ፦ ያላገቡ አማኞች በጉባኤያችን ስላላቸው ቦታ



ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ላንቻ ተወልጄ ያደግሁ፣ አርባ ዓመት የተሻገርኩ፣ ትዳር ያልያዝኩና በጉባኤያችን ሕፃናትን የማስተምር እኅታችሁ ነኝ። የምጽፈው ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። ከሪቼ እስከ ጎተራ ባሉት አዳራሾቻችን እሑድ እሑድ አብረውኝ የሚቀመጡ እንደኔ ያሉ ብዙ ናቸው። ዐሥራት ያወጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጾማሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ማግባት እየፈለጉ አልሆነላቸውም። አንዳንዶቹ አስበውበት ብቻቸውን ለመኖር ወስነዋል። ሌሎቹ የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ ወይም የተፋቱ ናቸው። ለሁሉም የምንሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፤ «ጌታ የትዳር አጋር ይስጥሽ፤ ይስጥህ»። ምርቃቱ ከፍቅር እንደሚወጣ አውቃለሁና አሜን እላለሁ። የምለምናችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፦ እስኪሰጠን ድረስ፣ ጭራሽ ባይሰጠንም፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ አባል አድርጋችሁ ቁጠሩን።

ነገሩ በጉባኤያችን እንዴት እንደሚታይ ላስረዳ። በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለን የወጣቶች ኅብረት ቤታችን ነበር። ሠላሳን ስናልፍ ከዚያ ቀስ በቀስ እንወጣለን። ቀጥሎ ያለው የባልና ሚስት ኅብረት ነው፤ እሱ ደግሞ እኛን አይመለከትም። የቤተሰብ ኮንፍረንስ ሲደርስ ወንበር እንደረድራለን፣ ምግብ እናቀርባለን፣ የባለትዳሮቹን ልጆች እንይዛለን፤ ከመድረኩ የሚነገረው ግን ለእኛ አይደለም። የሃያ አራት ዓመት ሙሽራ ከሠርጓ ማግስት እንደ ትልቅ ሰው ምክር ትጠየቃለች፤ መሥሪያ ቤት የምትመራ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ግን ዛሬም «ልጅቷ» ናት። ለሽምግልና፣ ለመጋቢነት፣ ለቤት ለቤት ኅብረት መሪነት ሰው ሲታሰብ ያላገባ ሰው ስም ከመነሻው አይጠራም። በብዙ ቦታ መተዳደሪያ ደንቡ ስለዚህ ዝም ይላል፤ የሚከለክለው ልማዱ ነው።

ከአዳራሹ ወጣ ሲባል ደግሞ «ቆማ ቀረች» ይመጣል። «ምርጫ አብዝታ ነው»፣ «አንድ ነገር ቢኖርባት ነው»፣ «የዘር እርግማን ይሆናል» ይባላል። ወንዱም አይቀርለትም። «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ በጥርጣሬ ይታያል፤ ሕፃናትን ላስተምር ሲል ዓይን ይከተለዋል። በጸሎት ፕሮግራም ላይ «የጋብቻ እስራት ያለባችሁ ወደ ፊት ውጡ» ሲባል እየተሸማቀቁ የሚወጡ እኅቶቼን አይቻለሁ። ኑሯቸው በጉባኤ ፊት እንደ ደዌ ተቆጥሮ ይገሠጽላቸዋል። በሽታ ሳይኖር ፈውስ መስበክ ጤነኛውን ሰው ያሳምማል።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ በአገር ደረጃ 17 ዓመት ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ ወደ 24 ይጠጋል። በከተማችን ሴት ልጅ ትማራለች፣ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን ታሳድጋለች፣ ወላጆቿን ትጦራለች። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የምትዳርበት ልማድ እየቀነሰ መምጣቱ ደግሞ ሁላችንም እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነገር ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአዲስ አበባ ሴቶች ከወንዶች በ129 ሺህ ገደማ እንደሚበልጡ መዝግቧል። በዚያው ቆጠራ ወንጌላውያን ከከተማዋ ነዋሪ ከመቶ ስምንት አይሞሉም ነበር። እናንተ አማኝ አማኝን ብቻ እንዲያገባ ታስተምራላችሁ፤ እኔም በዚህ ትምህርት አምናለሁ። በአዳራሾቻችን ግን ከወንዱ ሴቱ እንደሚበዛ ከመድረክ ሆናችሁ በየሳምንቱ ታያላችሁ። እንግዲህ ትምህርታችሁን ከሚታዘዙት እኅቶች ብዙዎቹ ሳያገቡ እንደሚኖሩ ግልጽ ነው። ስለ መታዘዛቸው የከፈሉትን ዋጋ የእርግማን ምልክት አድርጋችሁ አትቁጠሩባቸው።

ይህ አመለካከት ከየት እንደመጣ ሳስብ ታሪካችን ይታየኛል። ማርቲን ሉተር መነኩሴ ነበር። በ1525 እ.ኤ.አ. ከገዳም የወጣችውን ካታሪና ፎን ቦራን አገባ፤ ጋብቻ ከምንኩስና ያላነሰ የተቀደሰ ጥሪ መሆኑንም አስተማረ። ይህ በጊዜው ትልቅ ነጻነት ነበር። ልጆቹ የሆንን የወንጌል አብያተ ክርስቲያናት ግን ውለን አድረን ወደ ሌላው ጫፍ ሄድን፤ ጋብቻን ከፍ ስናደርግ ያለ ጋብቻ የመኖርን ክብር ጣልነው። በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ታከለበት። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ላላገባ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቦታ አላቸው፤ ይመነኩሳል፣ ቆብ ይደፋል፤ ጳጳሳቱም የሚሾሙት ከመነኮሳት መካከል ነው። እኛ ከምንኩስና ስንለይ በምትኩ ያቆምነው ነገር የለም። ስለዚህ ያላገባ ወንጌላዊ አማኝ መነኩሴም አይደለም፣ ባለትዳርም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ስም አጥቶ ይኖራል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ስምም ቦታም አለው። ጌታችን አላገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ሰባተኛ ምዕራፍ ያላገባ ሰው ባለበት ቢጸና መልካም እንደሆነ ይመክራል፤ ጋብቻንም ያለ ጋብቻ መኖርንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሽማግሌ የአንዲት ሴት ባል ይሁን ብሎ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ይኸው ሚስት ያልነበረው ሰው ነው። ያን ቃል ያላገባን ሰው ለመከልከል የምንጠቅሰው ከሆነ ጳውሎስ ራሱ በላንቻ አዳራሾች ሽማግሌ መሆን አይችልም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ ሰው አለ። ወንጌል ወደ አገራችን ቀድሞ ደረሰ ብለን የምንኮራው በሐዋርያት ሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ በተጻፈው በንግሥት ህንደኬ ባለሟል ነው። በየስብሰባው እናነሣዋለን። ያ ሰው ጃንደረባ ነበር፤ ሚስት የለውም፣ ልጅ አይወልድም፣ ስሙን የሚያስጠራ ዘር አይተውም። ፊልጶስ በሠረገላው ላይ ሲያገኘው የሚያነበው የኢሳይያስን ትንቢት ነበር፤ ያነበበውም ክፍል ኀምሳ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች አለፍ ብሎ በኀምሳ ስድስተኛው ላይ እግዚአብሔር ለታመኑ ጃንደረቦች ከወንድና ከሴት ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቱ እንደሚሰጣቸው ተስፋ ይሰጣል። ፊልጶስ ሰውዬውን ሲያጠምቀው አግብተህ ና አላለውም። ይህ ፊልጶስ ራሱ ትንቢት የሚናገሩ አራት ያላገቡ ሴቶች ልጆች እንደነበሩት በዚያው በሐዋርያት ሥራ ሃያ አንደኛ ምዕራፍ ተጽፏል። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ አማኝ ያጠመቀው ወንጌላዊ ቤት ያላገቡ ሴቶች እግዚአብሔርን የሚያገለግሉበት ቤት ነበር። ያ ወንጌል የደረሰን እኛ ያላገቡትን ከአገልግሎት ደጅ የምናቆምበት ምክንያት የለንም።

የቅርቡም ታሪክ ይመሰክራል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ወደ አደባባይ ስትመለስ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ወንጌል በየቤቱ በስውር ሲሰበክ ሸክሙን ከተሸከሙት ብዙዎቹ ገና ትዳር ያልያዙ ወጣቶች ነበሩ። ያኔ ማንም የጋብቻ ምስክር ወረቀት አልጠየቃቸውም። ከእኛ ጉባኤ ውጭም የምናያቸው ያላገቡ አገልጋዮች አሉ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው መንኩሰው መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር በጸሎትና በፒያኖ ኖሩ። መጽሐፎቹ በብዙ መጋቢዎቻችን መደርደሪያ ላይ ያሉት እንግሊዛዊው ጆን ስቶት በ2003 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ አላገባም፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የሎዛንን ቃል ኪዳን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው እሱ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት ጎደሎ አልነበረም።

አሁን አስቸጋሪ ወደሆኑት ነገሮች ልምጣ።

የመጀመሪያው በእግዚአብሔር ስም የሚደረግ ግፊት ነው። አንድ ወንድም ወደ አንዲት እኅት ቀርቦ «ሚስቴ እንደሆንሽ ጌታ ተናግሮኛል» ይላታል። እምቢ ስትል «ለእግዚአብሔር ድምፅ አልታዘዝም አለች» ይባላል። ይባስ ብሎ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው በጉባኤ መካከል ሁለት ሰዎች አስነሥቶ «ተጋቡ» የሚልበት ቦታ አለ። በዚህ መንገድ ገብተው ዛሬ የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ፤ እምቢ ብለው ከጉባኤው የቀሩም አሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ያጸናል። መንግሥት የሚያከብርላትን ፈቃድ የእግዚአብሔር ቤት ልትነፍጋት አይገባም። ጋብቻን የሚጠይቅ ሰው በራሱ ስም ይጠይቅ፤ ሽማግሌም ይላክ፤ የተጠየቀችውም ያለ ፍርሃት አዎን ወይም አይ ትበል።

ሁለተኛው ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለን ዝምታ ነው። በቅድስና ላይ ያለኝ እምነት ከእናንተ የተለየ አይደለም። ግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጋብቻ የተጠበቀ መሆኑን አምናለሁ፣ በዚያም እኖራለሁ። ትምህርቱ ይላላ አልልም፤ ትምህርቱ ይሰጥ ነው የምለው። ዛሬ አንድ ወጣት ስለ ሰውነቱና ስለ ፍላጎቱ በቤተ ክርስቲያን በግልጽ የሚነገረው ቀለበት ካሰረ በኋላ በቅድመ ጋብቻ ምክር ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰማው «ከዝሙት ሽሹ» የሚለውን ብቻ ነው። ሳያገባ የሚኖር ሰው ደግሞ ያን የምክር ክፍል ዕድሜውን ሙሉ አይደርስበትም። ንጽሕናችንን ትፈልጋላችሁ፤ በንጽሕና ለመኖር የምንታገለውን ትግል ግን የምናካፍለው ሰው አላቆማችሁልንም። ብቸኝነት ያስጨነቀው ሰው ለሽማግሌ ቢናገር በቀጣዩ ሳምንት ከመዘምራን እንዳይወጣ ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ በዝምታውም ውስጥ ብቻውን ይወድቃል።

ሦስተኛው የተግሣጽ ሚዛናችን ነው። አንዲት ልጅ ሳታገባ ስታረግዝ ሆዷ ይመሰክርባታል። ከአገልግሎት ትታገዳለች፣ አንዳንድ ቦታ ጉባኤ ፊት ቆማ ይቅርታ እንድትጠይቅ ትደረጋለች። ያስረገዛት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሰፈር አዳራሽ ይሄዳል፤ ሳይውል ሳያድር እጁን ዘርግቶ ያመልካል። እናቲቱ ብቻዋን ትቀራለች፤ ልጁም በጉባኤው ውስጥ «የእገሊት ልጅ» እየተባለ ያድጋል። ተግሣጽ ለመመለስ ከሆነ ሁለቱም ይጠሩ፤ በምስጢር ይመከሩ፤ የሕፃኑም ነገር የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ይሁን። ደግሞ እያንዳንዱ እርግዝና ከዝሙት የመጣ አይደለም። ተደፍራ መጥታ የምትናገር ልጅ ካለች በፍጹም በሽማግሌ ስብሰባ መመርመር የለባትም። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ሰለባዎች ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና የፖሊስ አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የመጋቢው የመጀመሪያ ተግባር በዚያው ቀን ከአንዲት እናት ጋር ወደዚያ መላክ ነው። ለእርቅ መቀመጥ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ይሁን እንጂ ወንጀልን መሸፈን ሥራዋ አይደለም።

አራተኛው በየቀኑ የምንኖረው ነው። በከተማችን ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ለመከራየት ሲሄድ «ላጤ አናከራይም» ይባላል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ማን እንደሚመጣባት ይጠየቃል። ሆስፒታል ሲተኛ መድኃኒት የሚገዛ፣ ምግብ የሚያመላልስ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚፈርም አስታማሚ ይፈለጋል። ለባለትዳር ሚስቱ አለች ወይም ባሏ አለ፤ የእኛን ማን ይሁን? እድር የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ በወላጆቻቸው ስም የነበሩ ብዙዎች ወላጆቻቸው ሲያልፉ ከእድሩም ከሰፈሩም ይላቀቃሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲነሣ ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ቤተሰብ ያለው ሲነሣ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ብቻውን የነበረው ግን ቡና የሚያጣጣውን ጎረቤት፣ ሲያመው በሩን የሚያንኳኳለትን ሰው በአንድ ጊዜ አጣ። በዚህ ጊዜ የእግዚአብሔር ቤተሰብ የሚለው ትምህርታችን በሥራ ካልታየ መቼ ሊታይ ነው?

ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በመጪው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንባችሁን ከፍታችሁ ያላገባ አማኝ ለሽምግልና፣ ለመጋቢነትና ለኅብረት መሪነት እንደማንኛውም አባል በሕይወቱና በስጦታው እንዲመዘን በግልጽ ጻፉ። ዝም ያለ ደንብ ልማድን ያነግሣል።

ሁለተኛ፣ በስብከት ፕሮግራማችሁ ውስጥ ሳያገቡ መኖር እንደ ጥሪ የሚሰበክበት ጊዜ ይኑር። ሲሰበክም ስለ እኛ የሚናገር ባለትዳር ብቻ አይሁን፤ እኛም እንናገር።

ሦስተኛ፣ ማንም ሰው በትንቢት ወይም በራእይ ስም ጋብቻ እንዳያዝ፣ እንዳይጠይቅም በየጉባኤው ይወሰን። ካውንስሉ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷልና ይህን ለአባል አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ መመሪያ አድርጎ ቢያወርድ ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

አራተኛ፣ ስለ ሰውነት፣ ስለ ፍላጎትና ስለ ንጽሕና የሚያስተምርና የሚያማክር፣ የሰማውን በምስጢር የሚይዝ የሠለጠነ ሰው መድቡ፤ ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። ቀለበት እስኪታሰር አትጠብቁ።

አምስተኛ፣ በተግሣጽ ወንድና ሴትን በአንድ ሚዛን መዝኑ፤ ያረገዘችን ሴት ጉባኤ ፊት ማቆም ይቅር። ተግሣጽ ላይ ያለ ሰው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲዛወር አብያተ ክርስቲያናቱ ይነጋገሩ።

ስድስተኛ፣ በየቤት ለቤት ኅብረቱ ብቻቸውን የሚኖሩ አባላት ይታወቁ። ሲታመሙ የሚያስታምም ተራ ይውጣ፤ እድር ያጣ እድር ይግባ፤ ቤት ለሚፈልግ ቤተ ክርስቲያን ትመስክርለት። በበዓል ቀን በባለትዳሮች ቤት አንድ ወንበር ይጨመር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለባለትዳሮች ወንድሞቼና እኅቶቼም አንድ ቃል አለኝ። ትዳራችሁን እወደዋለሁ፣ እጸልይለታለሁ። እናንተ ስትጣሉ ከምታማክሯቸው፣ ልጆቻችሁ ሲታመሙባችሁ ከምትጠሯቸው ሰዎች መካከል እኛ አለን። እኛ ከእናንተ ትዳር የምንማረው እንዳለ ሁሉ እናንተም ከእኛ ኑሮ የምትማሩት አለ፤ እግዚአብሔር ብቻውን ሲበቃ ምን እንደሚመስል በብዙ ሌሊቶች ተምረናል። ያላገቡ እኅቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፣ እናንተም ማግባት ብትፈልጉ ፍላጎታችሁ ኃጢአት አይደለም፣ ጸልዩበት፣ ሰው አማክሩበት። ባይሆንም ሕይወታችሁ ዛሬ ተጀምሯልና ኑሩት። የተሰጣችሁን አገልግሎት ሰው እስኪፈቅድላችሁ አትጠብቁ።

የተከበራችሁ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ ለመነጋገር በጠራችሁኝ ቀን እመጣለሁ፤ ሌሎችም አብረውኝ ይመጣሉ። ከእናንተ የምንጠብቀው ሐዘኔታ አይደለም። ጌታ በደሙ በገዛት ቤት ውስጥ ያለን ስፍራ እንዲታወቅልን፣ እንድናገለግልበትም እንድትፈቅዱልን ነው። መልሳችሁን በጉባኤያችሁ ውሳኔ እንጠብቃለን።

በክርስቶስ ፍቅር፣

አንዲት የላንቻ ነዋሪና ምእመን
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ